ውሉ ኢሜይሌ ውስጥ ነው፣ ልፈርም?

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዕድሜዬ 27 ነው። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ጨርሼ ፒያሳ አካባቢ አራት ሰው ያለበት ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ሁሉንም ነገር የምሠራው እኔ ነኝ። ለሐይቅ ዳር ሆቴሎች ክፍል መያዣ ሲስተም ሠርቻለሁ፣ ቴሌብር አገናኝቻለሁ፣ ፕሪንተር ሲበላሽም የምጠራው እኔው ነኝ። አሁን አምስተርዳም ያለ አንድ ትልቅ የኦንላይን የጉዞ ድርጅት ተቀብሎኛል። ውሉ ኢሜይሌ ውስጥ ነው፣ በሁለት ሳምንት መልስ ስጪ ብለውኛል። እናቴ ለገብርኤል ተስላለች። አለቃዬ ‹እዚያ ቁጥር ነው የምትሆኚው› አለኝ። እጮኛም አለኝ። እኔ ትልቅ ሥራ መሥራት እፈልጋለሁ፣ ግን ውስጡ ምን እንደሚመስል የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። እርስዎ እንደዚህ ዓይነት ቦታ እንደሠሩ ሰምቻለሁና እውነቱን ይንገሩኝ። ፈራሁ፣ ከታቦር ሥር።»

ፈራሁ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ያን ሁሉ ኢንተርቪው ከሐዋሳ ሆኖ ማለፍ ቀልድ አይደለም፣ ያውም መብራት በመሀል እየጠፋ።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ሂጂ። ግን በጻፍሽልኝ ምክንያት አትሂጂ።

«ትልቅ ሥራ መሥራት እፈልጋለሁ» ነው ያልሽው። የሚጠብቅሽ ትልቅ ድርጅት እንጂ ትልቅ ሥራ አይደለም። ሺህ ሰው የተጠራበት ሠርግ ላይ ጓሮ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ብቻ የምትከትፍ ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ? ወጡ ያለሷ አይሆንም። እሷ ግን ሙሽራዋን ሳታይ ይመሻል። አንቺም ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ጓሮ ነሽ።

አሁን ባለሽበት ቢሮ ባለ ሆቴሉ ጠዋት ይደውልልሻል፣ ከሰዓት ኮዱን ትጽፊያለሽ፣ ማታ ሲሠራ በዓይንሽ ታያለሽ። እዚያ አንዷን ገጽ፣ የሆቴሎቹ ዝርዝር የሚታይባትን እንበል፣ ብዙ ቲም ይካፈላታል። ፎቶው የአንዱ ነው። ዋጋው የሌላው። ቀን የሚመረጥባት ሳጥን ደግሞ የሌላ። አንቺ ከነዚህ ወደ አንዱ ትገቢያለሽ፣ ከጥቂት ዴቨሎፐሮች፣ ከአንድ ዲዛይነርና ምን ይሠራ የሚለውን ከሚወስን አንድ ሰው ጋር። ምናልባት ግማሽ ዓመት ሙሉ «አብረዋችሁ የሚመጡት ልጆች ዕድሜ ስንት ነው?» በምትለው ጥያቄ ላይ ብቻ ትሠሪ ይሆናል። ያስቃል አይደል? እኔም ስቄ ነበር። ግን ያችን ጥያቄ የሚያያት ሰው ብዛት ከሐዋሳ ሕዝብ ይበልጣል፣ ስለዚህ አንዲት ቃል ስትቀየር እንኳ ውጤቱ በቁጥር ይታያል።

እና ስለ ሙከራ ልንገርሽ፣ ሥራው ውስጥ ትልቁን ቦታ የሚይዘው እሱ ስለሆነ። አንድ ለውጥ ስትሠሪ ወዲያው ለሁሉም ሰው አትለቂውም። ጎብኚው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ አሮጌውን ያያል፣ ግማሹ አዲሱን፣ ከዚያ የትኛው ወገን ብዙ ክፍል ያዘ ተብሎ ይቆጠራል። ኤ ቢ ቴስት የሚሉት ይህን ነው። ቡኪንግ ዶት ኮም የሚባለው የሆቴል መያዣ ድረ ገጽ በዚህ በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው፣ በአንድ ጊዜ ከ1000 በላይ ሙከራ የሚካሄድበት ቤት ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ የታሰበውን ውጤት እንደማያመጣም ራሳቸው በግልጽ ይናገራሉ።

ቆይ፣ ይህን ቀስ ብለሽ አስቢው። ከአሥር ሥራሽ ዘጠኙ ይጣላል ማለት ነው። መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ኮዱ ንጹሕ ነው፣ ዲዛይኑ ያምራል፣ ቲሙ ወዶታል፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም፣ በቃ ይነሳል፣ ወደሚቀጥለው ትሄጃለሽ። እኛ ጋ ሥራሽን የሚጥለው አለቃ ነው፣ ትናደጂና ለጓደኛሽ ታሚዋለሽ። እዚያ የሚጥለው ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዥ ይታማል? መጀመሪያ ያማል፣ አልዋሽሽም። ሲለመድ ግን ነጻ ያወጣል፣ ምክንያቱም የማናጀሩም ሐሳብ የሚለካው በዚያው ነው። ከመጣሽ ገና በወሩ ያቀረብሽው ሐሳብ አሥር ዓመት የቆየውን ሰው ሐሳብ ሊያሸንፍ ይችላል፣ ሲያሸንፍም ሰውዬው አይቀየምም፣ ወይም ቢቀየምም ምንም ማድረግ አይችልም።

ስለዚህ አለቃሽ «ቁጥር ትሆኛለሽ» ያለው ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ አንቺን ማጣት አለመፈለጉ ነው። ፕሪንተሩን ማን ይጠግንለት?

ኮዱ ላይ ግን ብዙ አትጠብቂ። እነዚህ ድርጅቶች በኢንተርኔት ዕድሜ ሽማግሌዎች ናቸው። ኤክስፔዲያ እ.ኤ.አ. በ1996 ማይክሮሶፍት ውስጥ ነው የተጀመረው። ቡኪንግም በዚያው ዓመት፣ ኸርት ያን ብራውንስማ የሚባል ሰው ኔዘርላንድስ ውስጥ ኤንስኬዴ በምትባል ከተማ ትንሽ ድረ ገጽ አድርጎ ጀመረው፣ በ2005 ፕራይስላይን የሚባል የአሜሪካ ድርጅት በ133 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። (ዛሬ እናት ድርጅቱ ራሱ ቡኪንግ ሆልዲንግስ ነው የሚባለው። ገዢው የተገዛውን ስም ወሰደ።) ታዲያ በዚህ ሁሉ ዓመት የተጠራቀመ ኮድ ይጠብቅሻል። ቡኪንግ ረጅም ጊዜ ፐርል በሚባል የቆየ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ቤት ነበር፣ አንቺ ፐርልን በስም ብቻ ነው የምታውቂው። የትም ብትገቢ የጻፈው ሰው ከለቀቀ የቆየ፣ ማንም መንካት የሚፈራው ፋይል ታገኛለሽ፣ ገንዘቡን የሚያስገባው ደግሞ እሱ ፋይል ነው። አዲስ ነገር ከዜሮ መጀመር የምትወጂ ከሆነ ይህ ይሰለችሻል። የሌላ ሰው ኮድ አንብበሽ ለምን እንዲህ እንዳደረገ መፍታት የምትወጂ ከሆነ ግን ገነት ነው።

አንድ ነገር ሳትሰሚ እንዳትገቢ። «አንድ ክፍል ብቻ ቀርቷል!»፣ «አሁን ይህን ሆቴል ብዙ ሰው እያየው ነው!» የሚለውን ቀይ ጽሑፍ መቼም አይተሽዋል። እሱንም የጻፈው አንቺን የመሰለ ዴቨሎፐር ነው፣ ሙከራ ላይ አሸንፎ ነው የቀረውም። እ.ኤ.አ. በ2019 የእንግሊዝ የውድድርና የገበያ ባለሥልጣን ጉዳዩን መርምሮ ኤክስፔዲያ፣ ቡኪንግ፣ አጎዳ፣ ሆቴልስ ዶት ኮም፣ ኢቡከርስና ትሪቫጎ አሠራራቸውን ለማስተካከል ተስማሙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቡኪንግ ለአውሮፓ ኮሚሽንም ቃል ገባ፣ «የመጨረሻ ክፍል» ሲባል በእነሱ ድረ ገጽ ላይ ያለው የመጨረሻው መሆኑ በግልጽ እንዲታይ። ዛሬ ነገሩ ከድሮው ይሻላል። ግን ግፊቱ የትም አልሄደም። ስንት ክፍል ተያዘ ተብሎ ብቻ ሲቆጠር፣ ክፍሉን የያዘው ሰው ደንግጦ ይሁን ወዶ ሠንጠረዡ ላይ አይታይም። አንድ ቀን እንደዚህ ዓይነት ነገር ወደ አንቺ ጠረጴዛ ይመጣል። ሚቲንግ ላይ «ይሄ እውነት አይደለም» ለማለት ከአሁኑ ተዘጋጂ።

ማለትም ይቻላል፣ ይኸውልሽ። ደች ሰው ፊት ለፊት «ይህ ሐሳብሽ አይሠራም» ይልሽና ከዚያ አብሮሽ ምሳ ይበላል። (ምሳው ዳቦ በቺዝ ነው። ለሱ ሌላ ደብዳቤ ትጽፊልኛለሽ።) ቢሮው ውስጥ ከየአገሩ የመጣ ሰው አለ፣ ሥራው በእንግሊዝኛ ነው፣ እንግሊዝኛሽም ከበቂ በላይ ነው፣ ኢንተርቪውን በአማርኛ አላለፍሽውም። የሚያስፈራኝ ይሉኝታሽ ነው። እኛ ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም እንላለን፣ የማንስማማ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ዝም እንላለን። እዚያ ዝም ያለ ሰው ተስማምቷል ወይም ሐሳብ የለውም ተብሎ ይታለፋል። የግምገማ ሰሞን ሲመጣ «ምን ሠራሽ?» ትባያለሽ፣ አንቺም ሥራዬ ይናገር ብለሽ ትቀመጪያለሽ። ሥራሽ አይናገርም። አርብ አርብ የሠራሽውን የሆነ ቦታ ጻፊ፣ ስትጠየቂ ሳታፍሪ አንብቢላቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንቺ እዚያ የሚያስፈልጋቸውን ነገር ይዘሽ ነው የምትሄጂው፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ግን ከፕሪንተሩ ጋር እኩል አድርገሽ ነው የጠቀስሽው። ለሐይቅ ዳር ሆቴሎች ሲስተም ሠርተሻል። ስለዚህ ይህን ታውቂያለሽ፦ ሲስተሙ ስምንት ክፍል ክፍት ነው ይላል፣ ባለቤቱ ግን ትናንት ማታ አንድ ድርጅት ለሦስት ቀን ወርክሾፕ ደውሎለት ሙሉ ፎቁን በስልክ ሰጥቷል፣ ሪሴፕሽኗ ደብተር ላይ ጽፋዋለች፣ ኮምፒውተሩን የነካው የለም። ከውጭ በካርድ ክፍል ይዞ የመጣው እንግዳ ሻንጣውን ይዞ ይቆማል። ወይም የገብርኤል ንግሥ ደርሷል፣ ወይም ፊቼ ጨምበላላ ነው፣ ከተማው ጢም ብሏል፣ ባለ ሆቴሉ ዋጋውን በቃል ጨምሯል፣ ኦንላይን ያለው ግን የአምናው ነው። አድራሻ ሙላ ሲባል የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይጠየቃል፣ እሱ ደግሞ የሚያውቀው «ከፍቅር ሐይቅ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ባጃጅ ሁሉ ያውቀዋል» የሚለውን ነው። ከእያንዳንዱ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ 15 በመቶ አካባቢ ኮሚሽን ሲጠየቅም «ለምኑ?» ይላል፣ እንግዳው እንዴት እንደመጣለት ማንም አላሳየውማ።

አምስተርዳም ያለው ቲም ይህን አያውቅም። ጎበዝ ስላልሆኑ አይደለም፣ የሚያዩት ቁጥር ውስጥ ስለሌለ ነው። እነሱ የሚያዩት «ይህ ሆቴል ደጋግሞ እንግዳ ይመልሳል» የሚለውን ብቻ ነው፣ ሆቴሉም ከዝርዝሩ ወደ ታች ይወርዳል። ደብተሩን ያየ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ። እነዚህ ድርጅቶች ሁለት በር አላቸው። አንዱ መንገደኛው የሚገባበት ነው፣ ሁሉም የሚያየው። ሌላው ባለ ሆቴሉ ክፍሉንና ዋጋውን የሚያስገባበት ነው፣ ኤክስትራኔት ይሉታል። አዲስ ሰው ሁሉ መንገደኛው በኩል መመደብ ይፈልጋል፣ ስለሚያምር። አንቺ በኤክስትራኔቱ በኩል መመደብ እፈልጋለሁ በያቸው። ምክንያቱንም ከላይ እንደጻፍኩት ንገሪያቸው፣ ደብተሩንም ወርክሾፑንም አትተዪ። ቅር የሚላቸው እንዳይመስልሽ፣ እንዲያውም ደስ ነው የሚላቸው። ያን ጊዜ ሽንኩርቱን ብትከትፊም ለየትኛው ወጥ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

በዚያው የሌሊት ተረኝነትንም ጠይቂ። ድረ ገጹ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢወድቅ የሆነ ሰው ስልክ ይጮኻል። በየስንት ሳምንቱ ነው ተራው? ለብቻው ይከፈላል? መልሱ ከቲም ቲም ይለያያል፣ ካልጠየቅሽ ደግሞ ማንም አይነግርሽም።

ገንዘብ። ዩሮውን በብር እያባዛሽ እንቅልፍ አትጪ፣ የምትኖሪው እዚያ ነው። አምስተርዳም ለአንድ ሰው ቤት በወር ከ1500 ዩሮ በላይ መጠየቅ የተለመደ ነው፣ ማግኘቱ ራሱ ጭንቅ ነው። ድርጅቱ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማረፊያ ይሰጥ እንደሆነ በጽሑፍ አስመልሺ። ከውጭ ለሚቀጠር ባለሙያ የደመወዙ እስከ 30 በመቶ ከግብር ነጻ የሚሆንበት ሕግ አላቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ2027 ጀምሮ 27 በመቶ ይሆናል፣ እስከ አምስት ዓመት ይቆያል። ማመልከቻው ሥራ በጀመርሽ በአራት ወር ውስጥ ከገባ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይታሰባል፣ ስለዚህ የሰው ኃይል ክፍሉን ነዝንዢያቸው። 8 በመቶ የዕረፍት አበል አለ፣ ብዙ ጊዜ ግንቦት ላይ ይመጣል። አክሲዮን ከሰጡሽ በየዓመቱ እየተቆራረሰ የሚደርስ ነው፣ ቀድመሽ ከለቀቅሽ የቀረው ይቀራል። ውሉ ላይ ያለውን ትልቁን ቁጥር አይተሽ ለእናትሽ አትንገሪያት።

የጉዞ ሥራ ደግሞ ዓለም ሲነጥሰው ቀድሞ የሚታመም ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኤክስፔዲያ ኮቪድ ገና በደንብ ሳይስፋፋ በየካቲት 3000 ሠራተኛ እንደሚቀንስ አሳወቀ። ቡኪንግ በዚያው ዓመት እስከ ሩብ የሚሆነውን ሠራተኛ ለመቀነስ ወሰነ። እኔ የነበርኩበት ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ አንድ ጠዋት «ቲማችሁ ፈርሷል» ብሎን ቡናችንን እንኳ አልጨረስንም። ኔዘርላንድስ ሕጉ ሠራተኛ ይጠብቃል፣ የሙከራ ጊዜው ቢበዛ ሁለት ወር ነው፣ ከዚያ በኋላ ከመንግሥት የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ወይም ከፍርድ ቤት ፈቃድ ሳያገኙ እንዲሁ ማባረር አይችሉም። ግን የመኖሪያ ፈቃድሽ በሥራሽ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ሥራው ካለቀ ሌላ ቀጣሪ ለመፈለግ ያለሽ ጊዜ እስከ ሦስት ወር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ለወንድም ላፕቶፕ፣ ለአክስት ፍሪጅ ከማለትሽ በፊት የጥቂት ወር ኪራይ አስቀምጪ። ዘመድ ይጠብቃል። አከራይ አይጠብቅም።

እጮኛሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የጠቀስሽው፣ ይህ ራሱ ትንሽ አሳስቦኛል። አንቺ የምታገኚው ዓይነት ፈቃድ ባልሽ አብሮሽ እንዲኖርና ሌላ የሥራ ፈቃድ ሳይጠይቅ እንዲሠራ ያስችለዋል። ስለዚህ «ትቼው ልሂድ ወይስ ልቅር» አይደለም ጥያቄው። ጥያቄው እሱ እዚያ ምን ይሠራል ነው። ሐዋሳ የራሱ ሥራና ስም ያለው ሰው አምስተርዳም ሄዶ ሚስቱን ከቢሮ የሚጠብቅ ሲሆን፣ ያውም በታኅሣሥ፣ ፀሐይ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ወጥታ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ በምትጠልቅበት አገር፣ ጥሩ ጥሩ ትዳር ሲንገጫገጭ አይቻለሁ። ዛሬ ማታ ሐይቅ ዳር ውሰጂው፣ ዓሣ ጋብዢው፣ ውሉንም አሳዪው። እኔን ከመጠየቅሽ በፊት እሱን መጠየቅ ነበረብሽ፣ ግን ይሁን።

የጋብቻና የልደት ወረቀት ውጭ ጉዳይ አረጋግጦት ከዚያ ኤምባሲው እስኪቀበለው ጊዜ ይበላል፣ ለዚያ አዲስ አበባ መመላለስ አለብሽ። የልደቱን ነገ ጀምሪ፣ ፈረምሽም አልፈረምሽም አይጎዳሽም። ለአለቃሽ ደግሞ ቪዛው ሳይመጣ ደብዳቤ አታስገቢ። በእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላለች፣ ስለዚህ ጊዜ አለሽ። በዚያ 30 ቀን ውስጥ የሆቴሎቹን ሲስተም እንዴት እንደሚሠራ ጽፈሽ ለሚተካሽ ልጅ አስረክቢ፣ የይለፍ ቃሎቹንም ጭምር። የፕሪንተሩን ነገር እነሱ ይወጡት።